የቡና አበባ ፍለጋ

የቡና አበባ እንግዳ አይጠብቅም። ከፈነዳ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነጭ ሆኖ ይቆይና ይጠወልጋል፣ ይጠቁራል፣ ይረግፋል። ቡና በሚበቅልበት ቀዬ የሚኖር ሰው በየዓመቱ ያየዋል፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በቀን ሦስት ሲኒ የሚጠጣ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ሳያየው ሊቀር ይችላል። እኔም እንዲሁ ልቀር ምንም አልቀረኝም ነበር።

አጋሮ አጠገብ የምትኖር አክስት አለችኝ፤ የእናቴ ታናሽ ናት። የቡና ማሳዋ ከጓሮዋ ተነስቶ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ሰፊ የሚባል አይደለም፤ ግን ልጆቿን ያስተማረችው፣ ቤቷን ቆርቆሮ ያለበሰችው በእሱ ነው። የካቲት ገባ ሲል ትደውላለች። "ዝናቡ ጣል አድርጎልናል፤ አበባው ከሳምንት አያልፍም፤ ዘንድሮስ አትቀርም አይደል?" ትለኛለች። በየዓመቱም አንድ ነገር ይይዘኛል። ያለፈው የካቲት ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር። "ልጄ፣ በጥር ያለወቅቱ ዘነበና የተወሰነው አበበ፤ ፀሐዩ ተመልሶ መታው። አሁን ደግሞ ዘንቧል። ቡናው መቼ እንደሚያብብ ጠፍቶታል፤ እኔም ጠፍቶኛል" አለችኝ። ሥራዬን ለባልደረባዬ አስረክቤ በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ተገኘሁ።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ወልቂጤ መንገዱ ሰላም ነበር። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ወደ ድልድዩ ልንደርስ ስንል የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ትርፉ ጎማ ሲወርድ ነፋስ የለውም። ረዳቱ በሚያልፍ መኪና ተሳፍሮ ጎማውን ሊያሠራ ወደ ወልቂጤ ተመለሰ፤ እኛም አንድ ግራር ሥር ተኮለኮልን። ጥላው ለሁላችን አይበቃም ነበርና ሴቶችና ሕፃናት መሐል ተቀመጡ፤ የቀረነው ጥላው በዞረ ቁጥር አብረን ስንዞር ዋልን።

እዚያ ነው የወይኑን ሰው ያወቅኳቸው። ሸምገል ያሉ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጭናቸው ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር የታቀፉ ሰው ናቸው። የውኃ ላስቲኬን ሲያዩ "ለመጠጥ ካልቸገረህ ለእነዚህ ጠብ አድርግልኝ" አሉኝ። ጆንያውን ገለጥ ሲያደርጉት የጣት ውፍረት ያላቸው፣ ቡናማ፣ ቅጠል አልባ ቁርጥራጮች ታስረው አየሁ። ሰውዬው ባቱ፣ ድሮ ዝዋይ ስንላት በነበረችው ከተማ፣ የወይን እርሻ ላይ ዓመታት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ጅማ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ እየሄዱ ነው፤ ግቢው ውስጥ የሚተክሉት ወይን ይዘዋል። ጆንያው ላይ ውኃ ባፈሰስኩ ቁጥር "ተባረክ" ይሉኛል።

ከዚህ ሙቀት ይተርፋሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ወይን ፀሐይ አይፈራም፤ የሚፈራው ድርቀትን ነው፤ ለእሱም ብልሃት አለው" ብለው ያስረዱኝ ጀመር። ሥሩ ከቡናም ከበቆሎም ይልቅ ጠልቆ ይሄዳል። ውኃ ሲያጥረው ቅጠሉ ሥር ያሉትን ዓይን የማያያቸው የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ይዘጋል። አሁንም ካልሆነለት ሐረጉ መርዘሙን ያቆማል፤ ከባሰበት ያረጁትን የታች ቅጠሎች ይጥላል። ፍሬው ያንሳል፣ ስኳሩ ግን ይጠናል። ፈረንጅ አገር ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ባቱ ላይ የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ በመቀስ ከርክሞ ወቅቱን የሚነግረው ሠራተኛው ነው። ችግሩ ሙቀቱ ሲበዛ ነው፤ ስኳሩ ቀድሞ ይሞላና ኮምጠጥ የሚያደርገው ነገር ይጠፋል። ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እጃቸው ከጆንያው ላይ አልተነሳም።

የወይን ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ የምጠቅሰው አንድ መዝገብ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ቡርጎኝ በሚባለው አገር፣ ቦን የምትባል ከተማ፣ የወይን ለቀማ የተጀመረበት ቀን እ.ኤ.አ. ከ1354 ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ተመራማሪዎች ያን ሁሉ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያወጡት እስከ 1987 ድረስ ለቀማው በአማካይ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ይጀመር እንደነበር፣ ከ1988 ወዲህ ግን በ13 ቀን መቅደሙን አሳዩ። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የተቀመጠ ማስታወሻ ነው። የእኛ የቡና ቀዬዎች እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም፤ ያለው የአክስቴና የእኩዮቿ ትዝታ ነው፤ ያም ሳይጻፍ እያለፈ ነው። ይህ በጣም ይቆጨኛል። በየቀበሌው አንድ ደብተር ተከፍቶ አበባው የፈነዳበት ቀን ብቻ ቢጻፍ የልጅ ልጆቻችን ስንት ነገር ባወቁበት ነበር።

"ቡናስ እንዴት ነው ሙቀቱን የሚችለው?" አልኳቸው ሰውዬውን።

"እሱ የጥላ ልጅ ነው፤ ጠባዩን አላውቅም። አክስትህን ጠይቃት" አሉኝ።

ጎማው ሲመጣ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ጅማ የገባነው በምሽት ነው። ሰውዬው ከነጆንያቸው ልጃቸው ጋ በባጃጅ ሲሄዱ እኔ ያገኘሁት አልጋ ውስጥ ገብቼ አደርኩ። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ በማግስቱ ሚኒባስ እስኪሞላ ጠብቄ፣ መንገድ ላይ አንድ ድልድይ ጋ ዕቃ የጫነ መኪና ተገልብጦ መንገድ ዘግቶብን ቆመን፣ አክስቴ ቤት ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። ገና ከበር ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አመለጠህ! ከትናንት ወዲያ ነበር እኮ!"

ማሳው ውስጥ ይዛኝ ገባች። ሽታው አልጠፋም ነበር፤ ጣፋጭ ነው፤ ጃስሚን ይሉታል የሽቶ ሰዎች፤ እኔ የማውቀው ቡና ሽታ ግን የለበትም። አበባው ሁሉ ጠውልጎ ቡናማ ጨርቅ መስሎ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቋል። አክስቴ አንድ ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጋ በጣቷ እየነካች አስቆጠረችኝ። ወደ ግንዱ በሚቀርበው አንጓ ላይ የክብሪት ራስ የሚያህሉ አረንጓዴ ፍሬዎች አሉ፤ በጥር ወር ዝናብ ያበቡት ናቸው። ቀጥሎ ባለው አንጓ ላይ ከትናንት ወዲያ የጠወለገው አበባ አለ። ጫፉ ላይ ደግሞ ገና ያልነቁ፣ ድርቅ ያሉ አረንጓዴ እንቡጦች። ሦስት ወቅት በአንድ ቅርንጫፍ ላይ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡና እንቡጥ ከቅጠሉ ብብት ሥር ያድግና የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ ይተኛል። የበጋው ድርቀት ይበጀዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ድርቀቱ ካልበረታ እንቡጦቹ አብረው ለመንቃት አይዘጋጁም። ከዚያ ደህና ዝናብ ሲጥል ሁሉም አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ባሉት ቀናት ውስጥ ይፈነዳሉ። በጋው ረዥም ሆኖ በአንድ ዝናብ ለሚያበቃበት ጫካ የተሠራ ጠባይ ነው። በጥር መሐል ካፊያ ቢጤ ሲመጣ ግን የበሰለው እንቡጥ ብቻ ይነቃል፤ ሌላው ይቀራል፤ ተከትሎ የሚመጣው ሙቀት የነቃውንም ይለበልበዋል። ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አንዱ ቅርንጫፍ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል። ለቃሚ አንድ ግንድ ሥር ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር የቀን ሂሳብ አለ። ማጠቢያ ጣቢያው የሚቀበለው ቀይ እሸት ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ከተቀላቀለበት ይመልሳል ወይም ዋጋ ይቀንሳል። የተረፈው በጀንፈሉ ይደርቃል፤ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ያለወቅቱ ዝናብ ከመጣበት ይሻግታል። አዲስ አበባ ውስጥ "ጅማ ቡና" ሲባል ፊት የሚያጠቁሩ ሰዎች ይህን ሁሉ ቢያዩ ብዬ ተመኘሁ።

"ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ማሳ ማየት ከፈለግህ ጎረቤታችን ጋ ፎቶ አለ" አለችኝ አክስቴ፤ ይዛኝም ሄደች።

ጎረቤትየው ጨዋ ሰው ናቸው። ስልካቸውን ከፍተው ያለፈው ዓመት ማሳቸውን አሳዩኝ። እኔ ሳልመው የኖርኩት ይኸው ነበር፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ፣ አረንጓዴው የማይታይበት ተዳፋት። ቀና ብዬ ያንኑ ማሳ ዘንድሮ ሳየው ግን ደነገጥኩ። ቅርንጫፎቹ ከጫፋቸው ወደ ውስጥ ደርቀዋል፤ ያለው ቅጠል ጥቂትና ገርጣ ያለ ነው፤ ፀሐዩ ገና ስላልበረደ እሱም ጠርዙን ጠቅልሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥላ የነበሩትን ዋንዛዎችና ሰሳዎች ቆርጠው ሸጠው ነበር። ልጃቸው ታሞ አዲስ አበባ መታከም ነበረበት፤ የዋንዛ ጣውላ ደግሞ ዋጋ ያወጣል። ማን በዚህ ይፈርዳል? ልጁ ድኖ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ቡና አፍልቶ ያቀረበልንም እሱ ነው።

ዛፎቹ በተቆረጡ ማግስት ቡናው በደስታ የፈነጠዘ መስሎ ነበር። ፀሐይ የበዛለት ቡና በየአንጓው ከደርዘን በላይ አበባ ያወጣል፤ ጥላ ሥር ሲሆን ግን ሁለት አራት ብቻ። የሚያሳዝነው፣ ቡና የያዘውን ፍሬ ጥሎ ራሱን ማዳን አለማወቁ ነው። ወይን ሲበዛበት ሰው ዘለላውን ይቀንስለታል፣ ማንጎ ራሱ ያራግፋል፤ ቡና ግን ያበበውን አብዛኛውን ይሸከማል። ቅጠሉ የሚያበስለው ምግብ ስለማይበቃ ከቅርንጫፉና ከሥሩ የተጠራቀመውን እያወጣ ፍሬውን ይመግባል። አክስቴ በአንድ ቃል ጨረሰችው፤ "ልጆቿን አጥብታ አጥብታ አልጋ ላይ የዋለች እናት ናት" አለች።

በሙቀቱ ሰዓት ቅጠሉ ላይ የሚሆነውም ቀላል አይደለም። አረቢካ የሚስማማው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 21 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቴርሞሜትር 30ን ሲያልፍ ይጨነቃል። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ቅጠል ደግሞ ከአየሩ በ10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊግል ይችላል። ቀዳዳዎቹን ቢዘጋ ውኃው ይተርፈዋል፤ ግን ምግብ መሥራቱንም ያቆማል። ቅጠሉን ማዘንበሉ፣ መጠቅለሉ፣ ማራገፉ የሚያዋጣው ድርቀቱ አጭር ሲሆን ነው። ጥላ ያለው ማሳ ውስጥ ይህ ሁሉ ሳይደርስ ቀኑ ይመሻል፤ አየሩ ቀን ላይ በበርካታ ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ይሞቃል፣ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ሸፍኖ እርጥበቱን ይይዛል፣ ሰሳና ብርብራ በሥራቸው አፈሩን ያበለጽጋሉ። ቡና ሙቀትን የመቋቋም ጉልበቱ ግማሹ ያለው ከራሱ ውጪ፣ ከበላዩ ባለው ዛፍ ላይ ነው። እኔ ከዚህ ጉዞ የተረዳሁት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ስለ ቡናና ስለ አየር ጠባይ የሚጽፍ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

አክስቴ ከአንድ እንጨት ላይ የሆነ ነገር ቀንጥሳ መዳፌ ላይ አኖረችው። አበባ ነው፤ ግን ትንሽ፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ያዘለ፣ ቅጠሎቹ ሳይረዝሙ ተከፍተው የደረቁ። እንቡጥ ሳለ ሙቀትና ጥማት የመታው አበባ እንዲህ ይሆናል፤ ባለሙያዎች ቅርጹን አይተው ኮከብ አበባ ይሉታል። ፍሬ አይሰጥም። "ይህ ሞቶ የተወለደ ነው። እናቴ በነበረችበት ጊዜ አላየሁትም፤ አሁን በየዓመቱ አለ" አለችኝ።

ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ አየር ለውጡ አኃዝ አወራን፤ የአክስቴ ልጅ ግብርና የተማረ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ተቋም ሰዎች ከእኛው ተመራማሪ ከታደሰ ወልደማርያም ጎሌ ጋር ሆነው ባወጡት ጥናት፣ የዱር አረቢካ ተስማምቶት ከሚኖርባቸው ቦታዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2080 ቢያንስ 65 በመቶው፣ ቢከፋ 99.7 በመቶው ሊጠፋ እንደሚችል ተናገሩ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ዓለምን ዞረ። ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ነው፤ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው የማይስማማ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ቡናው ወደ ደጋው ከወጣና ጫካው ከተጠበቀ የሚስማማው ቦታ ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ ይችላል ይላል። በወረቀት ላይ መልካም ነው። ገበሬ ግን ማሳውን ተሸክሞ ዳገት አይወጣም፤ ዳገቱ ላይም ገብስና እንሰት የሚያመርት ባለቤት አለው።

"ከፍታ ላይ አበባው ገና ነው" አለኝ የአክስቴ ልጅ። አጋሮ 1600 ሜትር ገደማ ናት፤ ጌራ ያለው የምርምር ጣቢያ ወደ 1900 ይጠጋል። በየመቶ ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ብለህ አስላው። ወደ ሁለት ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ነው፤ በአየር ለውጥ ቋንቋ ብዙ ነው። በነጋታው ወደ ጌራ ሊወስደኝ በሞተሩ አፈናጠጠኝ።

መጀመሪያ ጮጬ የሚባለውን ቦታ አየን። ቡና ከዚህ ተነሳ የሚሉ አሉ፤ ከከፋ ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ በዚያ ክርክር ጊዜዬን አላጠፋም። ጮጬ ላይ የሚያስደንቀው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የቡና ማቆያ መስክ ነው፤ ከየአውራጃው የተሰበሰበ ከ5000 በላይ ዓይነት ቡና ተተክሎ ይገኛል። የቡና ፍሬ እንደ ስንዴና ገብስ ደርቆ በማቀዝቀዣ ዘመናት አይቀመጥም፤ ነፍሱ ይወጣል። ስለዚህ በሕይወት እየተተከለ፣ እየታረመ መጠበቅ አለበት። ከአጥሩ ውጪ ቆመን ሳለን የአክስቴ ልጅ "ብራዚልና ኮሎምቢያ ያለው አረቢካ በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት እንጨቶች የተራባ ነው፤ እዚህ አንድ መስክ ውስጥ ያለው ልዩነት ከዚያ ሁሉ ይበልጣል" አለኝ።

ይህ ልዩነት አንድ ጊዜ አድኖናል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ጥሬ ፍሬ የሚያጠቁር የሻጋታ በሽታ አገራችን ገባ። ከዚያ በፊት ኬንያን ያስለቀሰ ነው። ጅማ አጠገብ መልኮ ላይ በ1960 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የምርምር ማዕከል ሰዎች ወደ ጫካው ገቡ፤ በበሽታው መሐል ሳይነኩ የቀሩ እናት ዛፎችን እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ። 741 የሚባለው የተገኘው ከጌራ ነው፤ 74110ና 74112 ከመቱ ቢሻሪ፤ 744ና 7440 ከከፋ ዋሺ። ከፊት ያለው 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ለገበሬው ተሰራጩ፤ የአክስቴ ማሳ ግማሹ ከእነሱ ነው። ሙቀቱን የሚችል ቡናም የሚገኘው ከዚያው ጫካ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ሥሩ ጠልቆ የሚሄደው፣ ቀዳዳውን በጊዜ የሚዘጋው፣ ከዝናብ በኋላ ቶሎ የሚያገግመው እዚያ ውስጥ አለ። ጫካው ሲጠብ አብሮ የሚጠፋው ገና ያላየነው ዛፍ ነው።

ወደ ጌራ ስንቃረብ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ሲጀምር ቀዩ አፈር ሳሙና ሆነ፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጣለን፣ በመጨረሻ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። በገመድ እየጎተትን፣ ከኋላ እየገፋን፣ ጨለማ ሲወድቅ የጫካው ጥግ ላይ አንድ ቤት ደረስን። አባወራው ሽማግሌ ናቸው፤ ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚናገሩት። የአክስቴ ልጅ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ "ግቡ፣ ግቡ" ብለው እሳቱን ጨመሩበት፤ ልብሳችን ተሰቀለ፣ ጋቢ ተሰጠን፣ ቡና ተቆላ። በሌሊት ስለ ጫካው ሲያወሩን አደሩ። በለጠ-ጌራ በተባለው ደን ውስጥ ዋቡብ የሚባለው የደን ማኅበር አባል ናቸው። በጃፓን መንግሥት የልማት ድርጅት እገዛ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ነዋሪው ደኑን በውል ተረክቦ እየጠበቀ ቡናውን እንዲለቅም ተደረገ፤ ኋላም የጫካ ቡናው የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ተሸጠ። የጃፓን ተመራማሪዎች በሳተላይት ፎቶ ባደረጉት ጥናት ምስክር ወረቀት ያገኘው ደን ካላገኘው የተሻለ ተጠብቆ ተገኝቷል። ሽማግሌው ሳተላይቱን አያውቁትም፤ "ዛፉ ገንዘብ ሲያመጣ ማን ይቆርጠዋል?" ነው ያሉት።

ሲነጋ ቀሰቀሱን። "ዛሬ ነው" አሉ።

ጫካው ውስጥ ስንገባ ነጩን ተዳፋት በዓይኔ ስፈልግ ነበር። የለም። ቡናዎቹ ረዣዥም፣ ቀጫጭን፣ ቅጠላቸው ሰፊና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከላያቸው ያለው ዛፍ ደግሞ ሰማዩን ከሞላ ጎደል ሸፍኖታል። አበባው እዚህ ሁለት፣ እዚያ አራት ሆኖ በየአንጓው ተቀምጧል። ቀርቤ አንዱን አየሁ፤ አምስት ነጭ የአበባ ቅጠሎች ወደ ኋላ ተቀልብሰዋል፣ መሐላቸው አምስት ዘንጎች ቆመዋል፣ ቅጠሉ ላይ ያለው ጠብታ ገና አልደረቀም። ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎች የወጡ ንቦች ከአንዱ ወደ አንዱ ይላሉ። አረቢካ ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፤ ንብ ሲጎበኘው ግን ፍሬው ይበልጥ ይይዛል። ሽማግሌው ፊቴን አይተው "አነሰብህ?" ብለው አስጠየቁኝ። የጎረቤታችንን ፎቶ ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እዚህ ያለው አያቴ የለቀሙት ነው፤ አባቴም ለቀሙት፤ እኔም እለቅመዋለሁ። አንድ ዓመት ብዙ አይሰጥም፤ አንድም ዓመት አይቀርም" አሉ።

እኔ ጌራን ገነት አድርጌ አልጽፍም። ከጫካው ጥግ ጀምሮ ሥሩ እየተመነጠረ፣ ጥላው እየሳሳ ወደ ማሳነት የሚሄደው ብዙ ነው። በችግኝ ጣቢያ የፈሉት ምርጦች ጫካው ውስጥ እየተተከሉ ከዱሩ ቡና ጋር ይዳቀላሉ፤ ያ ደግሞ የዱሩን የራሱን ጠባይ ያቀጥነዋል። ምርቱ የሚያስፈልገው ሰው ይህን ማድረጉ አያስገርምም። ሆኖም ለጫካ ቡና ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍል ገዢና ውሉን የሚያከብር ቢሮ ካለ ሽማግሌው ዓይነት ሰው እየበዛ ይሄዳል፤ ማዳበሪያና ስብከት ብቻ ይዞ ከመምጣት ይህ ይሻላል።

ሰንሰለቱ ጪራ ከተማ ተሠራልን። አጋሮ ስንመለስ ጎረቤትየው አክስቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ምክር መስሎ እንዳይሰማቸው እየተጠነቀቅኩ። አክስቴ ግን ቀድማ ጨርሳዋለች። የደረቁትን እንጨቶች ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ሊጎነድሏቸው ተስማምተዋል፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣሉ። ከእሷ ግቢ የለቀመችውን የብርብራ ፍሬ በማሰሮ አስቀምጣላቸዋለች፤ የሰሳውን ችግኝ ከግብርና ቢሮ ያመጣሉ።

"ሰሳው እስኪያጠላ ስንት ዓመት ነው?" አሉ ጎረቤትየው።

"እሱን ተወው፤ እስከዚያ እንሰትና ሙዝ ሰግሰግ አድርግበት፤ ለቡናው ጥላ፣ ለቤትህ ቆጮ" አለቻቸው አክስቴ፤ ከዚያ ወደኔ ዞራ የእንሰቱን ችግኝ ከገበያ ነገ ጠዋት ለመጫን የባጃጁን ኪራይ እንድከፍል ጠየቀችኝ።